የላኩትን መጠበቅ፦ ፕሮግራም ሌላ ፕሮግራም ሲያስነሣና ፍጻሜውን ሲከታተል

በዛሬው የምርምር ሥራ ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ፕሮግራም እየቀነሰ መጥቷል። ተመራማሪው የሚጽፈው ኮድ ብዙውን ጊዜ ስሌቱን ራሱ አይሠራም፤ ሌሎች የጻፏቸውን ፕሮግራሞች በተራ ይጠራል፣ ያሰማራል፣ ውጤታቸውንም ይሰበስባል። የዘረመል ቅደም ተከተል የሚያነጻጽረው፣ የሳተላይት ምስል የሚቆራርጠው፣ የድምፅ ቅጂን ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላ የሚለውጠው፣ በስካነር የተነሣ ገጽን ወደ ጽሑፍ የሚመልሰው ሁሉ ቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ የውጭ ፕሮግራም ነው። እነዚህን ማስነሣት በአብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች የአንድ መስመር ጉዳይ ነው። የተነሣው ፕሮግራም መቼ እንዳበቃና እንዴት እንዳበቃ ማወቅ ግን በአንድ መስመር አያልቅም። የዚህ ጽሑፍ ትኩረትም ይኸው ሁለተኛው ጉዳይ ነው።

ለነገሩ መጨበጫ ይሆን ዘንድ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፏ 3,000 የቆዩ የአማርኛ ጋዜጣ ገጾችን ወደ ጽሑፍ ለመለወጥ ተነሣች እንበል። የምትጠቀመው ቴሰራክት የተባለውን ፕሮግራም ነው፤ ይህም በሂውሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1994 ተሠርቶ፣ በ2005 ኮዱ ለሕዝብ የተለቀቀና አማርኛንም ከሚያነባቸው ቋንቋዎች መካከል ያካተተ ነው። በፓይተን የጻፈችው አጭር ፕሮግራም ገጾቹን አንድ በአንድ እያነሣ ቴሰራክትን ይጠራል። ማታ አስነሥታው ትሄዳለች፤ ጠዋት ስትመለስ ማህደሩ በፋይሎች ተሞልቷል። ከዚያ በኋላ የቃላት ድግግሞሽ ትቆጥራለች፣ ሠንጠረዥ ትሠራለች፣ መደምደሚያም ትጽፋለች።

እዚህ ላይ ሊጠየቁ የሚገባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ። የተጠራው ፕሮግራም በእርግጥ ተነሥቷል ወይ? ከተነሣስ አብቅቷል ወይ? ካበቃስ ያበቃው ሥራውን ጨርሶ ነው ወይስ መንገድ ላይ ወድቆ? ሦስቱን ለይቶ የማይጠይቅ ኮድ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል፤ ዝም ይላል። ሠንጠረዡም ይህን ዝምታ ወርሶ ይታተማል። ይበልጥ የሚከፋው ደግሞ የሚጎድሉት ገጾች በዕጣ የሚጎድሉ አለመሆናቸው ነው። ሜሞሪ የሚጨርሱት ትልልቆቹና በብዙ ዓምድ የተጨናነቁት ገጾች ናቸው፤ ጊዜ የሚፈጁትም የደበዘዙትና የቆሸሹት ናቸው። ስለዚህ ከናሙናው የሚወጡት ገጾች ከሚቀሩት የተለየ ጠባይ ያላቸው ናቸው፤ ይህም በስታቲስቲክስ ቋንቋ መዛባት ነው እንጂ ተራ ጉድለት አይደለም።

የመጠበቅ ታሪክ

ነገሩ ከመነሻውም ቀላል እንዳልነበረ የዩኒክስ ታሪክ ያሳያል። ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብራቶሪ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ ግንባር ቀደምነት ፒዲፒ-7 በተባለ አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ተጀመረ። ሪቺ ስለ ስርዓቱ ዕድገት በጻፈው ታሪክ እንደሚተርከው፣ በመጀመሪያው ዘመን ለእያንዳንዱ ተርሚናል አንድ ፕሮሰስ ብቻ ነበር። ተጠቃሚው ትእዛዝ ሲጽፍ ሼሉ የትእዛዙን ፋይል ከፍቶ በራሱ ላይ እንዲጫን ያደርጋል፤ ማለትም ሼሉ ከሜሞሪ ይጠፋና ትእዛዙ ቦታውን ይይዛል። ትእዛዙ ሲያበቃ ደግሞ አዲስ የሼል ቅጂ እንደገና ይጫናል። በዚህ አሠራር የሚጠብቅ ወገን ስላልነበረ «መቼ አበቃ?» የሚል ጥያቄም አልነበረም።

ጥያቄው የተወለደው ፎርክ ከተጨመረ በኋላ ነው። አንድ ሥራ ወደ ሁለት እንዲከፈል የሚለው ሐሳብ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በሜልቪን ኮንዌይ ጽሑፍ ውስጥ ቀርቦ ነበር። በፒዲፒ-7 ላይ ፎርክን ለመጨመር ያስፈለገው 27 መስመር የአሴምብሊ ኮድ ብቻ እንደነበር ሪቺ ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ ሼሉ ራሱን አባዝቶ አንዱን ቅጂ ትእዛዙን እንዲሠራ ይልከዋል፤ ራሱም በቦታው ይቀራል። በቦታው የቀረው ግን የላከው መቼ እንደጨረሰ ማወቅ ነበረበት።

የመጀመሪያው መፍትሔ አስገራሚ ነው። ስርዓቱ በፕሮሰሶች መካከል መልእክት የመላኪያ ዘዴ ነበረው፤ ላኪውም መልእክቱ እስኪነበብ ድረስ ይቆማል። ሼሉ አዲስ ለፈጠረው ፕሮሰስ ማንም እንደማያነበው የሚያውቀውን መልእክት ይልክና ይቆማል። ትእዛዙ ሲያበቃ ስርዓቱ «ተቀባዩ የለም» የሚል የስሕተት ምላሽ ይሰጠዋል፤ ሼሉም በዚህ ስሕተት መሞቱን ያውቃል። ዘዴው የሚሠራው ግን ልጁ መልእክት እስካላነበበ ድረስ ብቻ ነው። የተላከው ትእዛዝ በራሱ ምክንያት መልእክት ለማንበብ ከሞከረ የሼሉን የይስሙላ መልእክት ይቀበላል፤ ሼሉም ሥራው ያለቀ መስሎት የሚቀጥለውን መስመር ማንበብ ይጀምራል። በኋላ ይህ ዘዴ ቀርቶ ዌይት የተባለው ጥሪ ተተካ። ዌይት ከመልእክት ይልቅ ጠባብ አገልግሎት ያለው ቢሆንም የተፈለገውን አንድ ነገር በቀጥታ ይመልሳል። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት እስከ ዛሬ አላረጀም፦ የፍጻሜን ምልክት ለሌላ ጉዳይ ከተሠራ ነገር ተውሶ መጠቀም ለጊዜው ያገለግላል፤ ውሎ አድሮ ግን ያታልላል።

በዚያው ወቅት ሌላ ነገርም ተበላሽቶ ተገኘ። የሥራ ማህደርን የሚቀይረው ትእዛዝ ከፎርክ በኋላ መሥራት አቆመ። ምክንያቱም ትእዛዙ የሚፈጸመው በልጁ ውስጥ ስለነበር ልጁ የራሱን ማህደር ቀይሮ ይሞታል፤ ወላጁ ግን በነበረበት ይቀራል። ዛሬም የውጭ ስክሪፕት ጠርተው የአካባቢ ተለዋዋጮችን ያስተካከሉ የሚመስላቸው ጀማሪዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ነው። ልጅ ለወላጁ የሚያቀብለው ነገር በተስማሙበት መንገድ ያለፈውን ብቻ ነው፤ ይኸውም ወይ በፋይል፣ ወይ በፓይፕ፣ ወይ በመውጫ ኮድ ነው።

ያልተነገረ መርዶ

በዩኒክስና እርሱን ተከትለው በመጡት ስርዓቶች ልጅ ፕሮሰስ ሲያበቃ ከርነሉ ሜሞሪውን ይወስዳል፣ የከፈታቸውንም ፋይሎች ይዘጋል። አንድ ነገር ግን ሳያጠፋ ያስቀምጣል፤ ይህም የፕሮሰሱን መለያ ቁጥር፣ የመውጫ ኮዱንና የተጠቀመበትን የፕሮሰሰር ጊዜ የያዘ ትንሽ መዝገብ ነው። መዝገቡ የሚቆየው ወላጁ በዌይት ወይም በአቻው ጥሪ መጥቶ እስኪጠይቅ ድረስ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ያለውን ፕሮሰስ የሙያው ቋንቋ ዞምቢ ይለዋል።

ስሙ ከፊልም ዓለም የመጣ ቢመስልም ለአማርኛ ተናጋሪ ቅርብ የሆነው ምሳሌ መርዶ ነው። «ተረዳ» የሚለው ግሥ በቋንቋችን ሁለት ነገር ይሸከማል፤ ነገሩ ገባው ማለትም ይሆናል፣ የዘመዱን ሞት ሰማ ማለትም ይሆናል። ዞምቢ ፕሮሰስ ሞቷል፤ ወላጁ ግን ገና አልተረዳም። ሰው በሩቅ አገር ሞቶ ቤተሰቡ እስኪረዳ ድረስ በቤት ውስጥ እንደ ሕያው እንደሚቆጠር ሁሉ፣ ይህም ፕሮሰስ በዝርዝሩ ላይ ስሙ ይታያል። የግድያ ሲግናል ቢላክበት ምንም አይፈጠርም፤ የሞተ ዳግመኛ አይሞትምና። ከዝርዝሩ የሚወጣበት መንገድ ወላጁ መርዶውን ሲቀበል ነው፤ ወይም ወላጁ ራሱ ሲሞት ነው።

ወላጁ ቀድሞ የሞተ እንደሆነ ልጁ ወላጅ አልባ ሆኖ አይቀርም። ቁጥር 1 የሆነው ፕሮሰስ በጉዲፈቻ ይወስደዋል፤ ሲያበቃም መርዶውን ይቀበልለታል። ከሊኑክስ 3.4 ጀምሮ ደግሞ ሌላ ፕሮሰስ ይህን ኃላፊነት ለራሱ ዘሮች በፈቃዱ ሊረከብ ይችላል። ኮንቴይነር የሚጠቀሙ የምርምር ቡድኖች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። በኮንቴይነር ውስጥ ቁጥር 1 የሚሆነው ብዙ ጊዜ የተመራማሪው የራሱ ፕሮግራም ነው፤ ያ ፕሮግራም ደግሞ የማያውቃቸውን ልጆች መርዶ ለመቀበል አልተጻፈም። ስለዚህ ዞምቢዎቹ ይከማቻሉ። እያንዳንዳቸው የሚይዙት ቦታ ኢምንት ቢሆንም ቁጥር ይይዛሉ፤ ቁጥሩ ሲያልቅም አዲስ ፕሮሰስ ማስነሣት አይቻልም።

ዞምቢን እንደ ጉድፍ ብቻ ማየት ግን ስሕተት ነው። መዝገቡ እስካለ ድረስ የፕሮሰሱ ቁጥር ለሌላ አይሰጥም። ይህም ወላጁ ዘግይቶም ቢመጣ የሚጠይቀው ስለ ራሱ ልጅ መሆኑን ያረጋግጥለታል። የሚታሰረው ቁጥር የዚህ ዋስትና ዋጋ ነው።

የሚያታልሉ ምልክቶች

ፍጻሜን ለማወቅ በተግባር ከሚሠራባቸው መንገዶች ብዙዎቹ አሳሳች ናቸው። የመጀመሪያው በቁጥር መተማመን ነው። አንዱ ፕሮግራም የሌላውን መለያ ቁጥር በፋይል ጽፎ ያስቀምጣል፤ ከቆይታ በኋላ ሦስተኛ ፕሮግራም መጥቶ «ይህ ቁጥር ያለው በሕይወት አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከወላጅና ከልጅ ግንኙነት ውጭ ግን ቁጥሩ ማንንም አይጠብቅም። ሊኑክስ ለረጅም ዘመን በነባሪነት ይጠቀምበት የነበረው የቁጥር ጣሪያ 32,768 ነበር፤ በ64 ቢት ስርዓቶች እስከ 4,194,304 ከፍ ሊል ይችላል። ጣሪያው ሲደረስ ቁጥሩ ከታች ይጀምራል። ስለዚህ «አዎን፣ አለ» የሚለው መልስ ስለ ሌላ ባዕድ ፕሮሰስ የተሰጠ ሊሆን ይችላል። በዚያ መልስ ተመርኩዞ የግድያ ሲግናል መላክማ የባሰ ነው።

ሁለተኛው በውጤት ፋይል መኖር መተማመን ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የውጤት ፋይላቸውን የሚከፍቱት ሥራ ሲጀምሩ እንጂ ሲጨርሱ አይደለም። ፋይሉ መኖሩ የሚያረጋግጠው መጀመሩን ነው። መጠኑ ማደጉን ማቆሙም ማስረጃ አይሆንም፤ ፕሮግራሙ ከባድ ገጽ ላይ ቆይቶ ወይም የጻፈውን በባፈር ይዞ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ወጥመድ የሚገኘው በትክክለኛው ጥሪ ውስጥ ነው። የፓይተን ሰብፕሮሰስ ላይብረሪ ልጁ የሚጽፈውን በፓይፕ ለወላጁ ማድረስ ይችላል። ፓይፕ ግን የተወሰነ መጠን አለው፤ በሊኑክስ በነባሪነት 65,536 ባይት ነው። ወላጁ ፓይፑን ሳያነብ ዌይትን ቢጠራ፣ ልጁም ከዚህ መጠን በላይ ቢጽፍ፣ ልጁ ወላጁ እንዲያነብለት ይቆማል፤ ወላጁም ልጁ እንዲጨርስለት ይቆማል። ሁለቱም ጤነኛ ሆነው፣ አንዱ የሌላውን ፊት እያየ፣ ሌሊቱ ይነጋል። ትምህርት ቤት በትንሽ ምሳሌ የተሞከረ ኮድ ይህን አያሳይም፤ ችግሩ የሚገለጠው ትልቅ ውሂብ ሲመጣ ነው። በዚሁ ላይብረሪ ያለው ኮሚዩኒኬት የተሠራው ማንበብንና መጠበቅን አብሮ እንዲያከናውን ነው።

አራተኛው የሲግናል ጉዳይ ነው። ልጅ ሲያበቃ ከርነሉ ለወላጁ ሲግ ቻይልድ የተባለ ሲግናል ይልካል። ይህ ሲግናል ግን አይሰለፍም፤ ወላጁ አንዱን ሳያስተናግድ ሦስት ልጆች ቢሞቱ የሚደርሰው ምልክት አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። በአንድ ምልክት አንድ መርዶ የሚቀበል ኮድ ሁለቱን ይረሳል። ትክክለኛው አሠራር ምልክቱን እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ በር ማንኳኳት ወስዶ፣ በሩ ሲንኳኳ የሞተ እስኪጠፋ ድረስ ደጋግሞ መጠየቅ ነው።

አምስተኛው «አበቃ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። የኖድ ጄኤስ ሰነድ ኤግዚትንና ክሎዝን ለያይቶ ያስቀምጣል። ኤግዚት ፕሮሰሱ መሞቱን ይናገራል፤ ክሎዝ ደግሞ የግብዓትና የውጤት መስመሮቹ መዘጋታቸውን ይናገራል። ሁለቱ የሚለያዩት ልጁ በተራው የልጅ ልጅ ካስነሣ ነው። የልጅ ልጁ ፓይፑን ይወርሳል፤ ልጁ ሞቶም ፓይፑ ክፍት ይቆያል። ወላጁ የፓይፑን መዘጋት የሚጠብቅ ከሆነ ከሞተ ሰው ቤት ደጅ ይጠናል፤ የልጁን ሞት ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ የልጅ ልጁ ገና እየጻፈ ሳለ ፋይሉን ማንበብ ይጀምራል።

ስድስተኛው በመስኮት የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ይመለከታል። አንድ ኮድ አንድ ሰነድ በጽሑፍ ማቀናበሪያ ከፍቶ ተጠቃሚው እስኪዘጋው ለመጠበቅ ቢሞክር፣ ማቀናበሪያው አስቀድሞ ተከፍቶ ከነበረ አዲስ የተነሣው ፕሮሰስ ጥያቄውን ለነባሩ አስተላልፎ ወዲያው ሊያበቃ ይችላል። ድረ ገጽ ማሰሻዎችም እንዲሁ ናቸው። ወላጁ «ተዘጋ» ብሎ ሲያውጅ ሰነዱ ገና በተጠቃሚው ፊት ተከፍቶ ነው። እዚህ ላይ የተጠበቀው ሥራውን የያዘው ፕሮሰስ አልነበረም፤ መልእክተኛው ብቻ ነበር። የፕሮሰስ መሞትና የሥራ መጠናቀቅ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

የመውጫ ኮድ ምን ይላል?

ልጅ ሲሞት የሚተወው ኑዛዜ አጭር ነው፤ ስምንት ቢት ነው። በስምምነት 0 መሳካትን፣ ከ1 እስከ 255 ያለው ደግሞ የተለያየ መውደቅን ያመለክታል። በሼል በኩል ሲታይ 127 ትእዛዙ አልተገኘም፣ 126 ደግሞ ተገኝቶ ሊነሣ አልቻለም ማለት ነው፤ ከ128 በላይ ያለው በሲግናል መሞትን ይናገራል። 137 የሚል ኮድ 128 ሲደመር 9 ነው፤ 9 ደግሞ ፕሮሰሱ ሊከላከለው የማይችለው የግድያ ሲግናል ነው። ሊኑክስ ሜሞሪ ሲያልቅበት መርጦ የሚገድለው በዚሁ ሲግናል ስለሆነ፣ በትልልቅ ገጾች ላይ 137 ተደጋግሞ ቢታይ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ሜሞሪ ነው። የፓይተን ሰብፕሮሰስ ያንኑ ሞት 137 ሳይሆን -9 ብሎ ይመዘግበዋል፤ በሁለቱ መካከል ተርጓሚ የሆነ ሼል መኖር አለመኖሩን ኮዱ ራሱ ይነግራል።

ስምንት ቢት መሆኑም የራሱ መዘዝ አለው። የስሕተቶቹን ብዛት እንደ መውጫ ኮድ አድርጎ የሚመልስ ፕሮግራም በትክክል 256 ስሕተት ቢያገኝ ለወላጁ የሚደርሰው 0 ነው፤ ማለትም ሙሉ ስኬት። በሼል ውስጥ በፓይፕ የተያያዙ ትእዛዞችም በነባሪነት የሚመልሱት የመጨረሻውን ትእዛዝ ኮድ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ወድቆ የመጨረሻው ባዶ ግብዓት በሰላም ቢያነብ ሰልፉ ሁሉ እንደተሳካ ይቆጠራል። ለዚህ ፓይፕፌል የተባለውን አማራጭ መክፈት ያስፈልጋል። በፓይተንም «ረን» የተባለው ጥሪ ልጁ በስሕተት ቢወጣ በነባሪነት አይጮኽም፤ ኮዱን መዝግቦ ያልፋል። እንዲጮኽ የሚፈልግ «ቼክ» የሚለውን መለኪያ ማዘዝ አለበት።

በዊንዶውስ ደግሞ ሌላ ልዩነት አለ። በሥራ ላይ ላለ ፕሮሰስ የመውጫ ኮድ ሲጠየቅ ስርዓቱ 259 ይመልሳል። ነገር ግን ፕሮሰሱ ራሱ በ259 ወጥቶ ከሆነ ወላጁ እስከ ዘላለም በሕይወት እንዳለ ያምናል። ስለዚህ በዊንዶውስ የሚመከረው ኮዱን ደጋግሞ ከመጠየቅ ይልቅ በፕሮሰሱ ሃንድል ላይ መጠበቅ ነው፤ ኮዱ የሚጠየቀው መጠበቁ ካለቀ በኋላ ነው።

ወደ ተሻለ አሠራር

ባለፉት ዓመታት የስርዓተ ክወና አዘጋጆች ከቁጥር ወደ መያዣ ተሸጋግረዋል። የዊንዶውስ ሃንድል ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር፤ ሃንድሉ እስካልተዘጋ ድረስ የሚያመለክተው ያንኑ አንድ ፕሮሰስ ነው። ሊኑክስም እ.ኤ.አ. በ2019 ፒድ ኤፍዲ የተባለውን ዘዴ አስገባ፤ በዚህም ፕሮሰስ እንደ ተከፈተ ፋይል ይያዛል፣ ሲያበቃም እንደ ማንኛውም ለንባብ እንደተዘጋጀ ፋይል ያሳውቃል። ፎርክ ራሱም ከትችት አላመለጠም። በዚያው ዓመት አራት ተመራማሪዎች በአንድ የስርዓተ ክወና ዐውደ ጥናት ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ፎርክ ለዘመኑ ፕሮግራሞች የማይመጥን በመሆኑ ለተማሪዎች እንደ ታሪካዊ ቅርስ እንዲቀርብ ጠይቀዋል። ክርክሩ ገና አላበቃም፤ ብዙ ኮድ ግን በፎርክ ላይ ቆሟል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠራ ሰው ግን ከአዲስ ሲስተም ኮል ይልቅ ጥቂት ልማዶች ይበልጥ ይጠቅሙታል። አንደኛ፣ ልጁን ያስነሣው ራሱ ይጠብቀው፤ ፍጻሜን ለማወቅ ሙሉ መብት ያለው ወላጅ ነውና። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ጥሪ የጊዜ ገደብ ይደረግለት። ገደቡ ሲደርስ ልጁን ብቻ መግደል በቂ እንዳልሆነ ይታወስ፤ በሼል በኩል የተነሣ እንደሆነ የሚሞተው ሼሉ ሲሆን እውነተኛው ሠራተኛ በሕይወት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ልጁ በራሱ የፕሮሰስ ቡድን ውስጥ ይነሣ፤ መግደሉም ለቡድኑ ይሁን። ሦስተኛ፣ ውጤቱ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጻፍ፤ ልጁ በ0 ከወጣ በኋላ ብቻ ወደ ቋሚ ስሙ ይቀየር። በአንድ የፋይል ስርዓት ውስጥ ስም መቀየር በአንድ ጊዜ የሚፈጸም በመሆኑ፣ ቋሚ ስም ያለው ፋይል ሁሉ የተጠናቀቀ ነው ማለት ይቻላል።

አራተኛው መዝገብ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቤተ ሙከራ ወላጅና ልጅ በአንድ ቅጽበት ይጠፋሉ፤ መርዶ ነጋሪም መርዶ ተቀባይም አይኖርም። በዚህ ጊዜ የሚመሰክረው ዲስኩ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ገጽ የተጀመረበት ሰዓት፣ የተጠናቀቀበት ሰዓትና የመውጫ ኮዱ በአንድ መስመር ከተመዘገበ፣ ኃይሉ ሲመለስ ተጀምረው ያልተዘጉት መስመሮች ብቻ ተመርጠው እንደገና ይሠራሉ። መዝገቡም ሆነ ጊዜያዊው ፋይል ከስም ለውጡ በፊት በእርግጥ ዲስክ ላይ መድረሱን ኤፍሲንክ በተባለው ጥሪ ማረጋገጥ ይገባል፤ አለዚያ ባዶ ፋይል ቋሚ ስም ይዞ ሊገኝ ይችላል።

እነዚህ ልማዶች የፕሮግራም አጻጻፍ ጥራት ብቻ ተደርገው ሊታዩ አይገባም። የምርምር ዘዴ ክፍል የናሙና አመራረጥን፣ የመጠይቅ ምላሽ መጠንን፣ የጎደለ ውሂብ አያያዝን ይዘረዝራል፤ ወረቀት ተበትኖ ሳይመለስ የቀረው ስንት እንደሆነ ሳይገልጽ የሚያልፍ የመስክ ጥናት ከፈታኞች ጥያቄ አያመልጥም። በኮድ የተበተነው ሥራ ግን ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይቀርብለትም። ማሽን ስለሠራው ብቻ ሁሉም የተመለሰ ይመስላል። ለዚያች የጋዜጣ ገጾችን ለምታነብ ተማሪ በዘዴ ክፍሏ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነው፦ ስንት ገጽ ተላከ፣ ስንቱ በ0 ተመለሰ፣ ስንቱ በስሕተት ወጣ፣ ስንቱ ተገደለ፣ የተገደሉትስ ምን ዓይነት ገጾች ነበሩ። ይህን ለመጻፍ ኮዱ አስቀድሞ መጠየቅና መመዝገብ አለበት፤ ከሥራው በኋላ ሊጠየቅ የሚችል ፕሮሰስ የለምና።

ማስነሣት ሥልጣን ነው፤ አንድ መስመር የጻፈ ሰው በአንድ ሌሊት በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮሰሶችን ሊያሰማራ ይችላል። ከሥልጣኑ ጋር የሚመጣው ግዴታ ደግሞ እያንዳንዳቸው የት እንደደረሱ ማወቅ ነው። በመመረቂያ ፈተና ቀን ከፈታኞች አንዱ «ከላክሻቸው ስንቱ አልተመለሰም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቁጥሩ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ መልስ ያላት ተማሪ ሥራዋን ታውቀዋለች። «አላውቅም» የምትለው ግን የማታውቀው የኮዷን ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ሠንጠረዧ ስለ የትኞቹ ገጾች እንደሚናገርም አታውቅም።